ወደ ዲጂታል የአፈር ካርታ የምርምር ቡድን እንዴት ልግባ?

ጥያቄ፦ በአፈር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ወዲህ ሦስት ዓመት በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች እየዞርኩ የአፈር ናሙና ሰብስቤአለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በዲጂታል የአፈር ካርታ (የመስክ ናሙናን ከሳተላይትና ከመሰል መረጃ ጋር በኮምፒውተር አዛምዶ ናሙና ያልተወሰደበትን ቦታ አፈር በሚተነብይ ካርታ) ለመሥራት አስቤ፣ በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ያሉትን ጨምሮ ለ12 ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ብልክም መልስ የሰጠኝ የለም። ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሥራ ሶፍትዌር እችላለሁ፤ ኮድ ግን ጽፌ አላውቅም። ምን ይጎድለኛል?

መልስ 1፦ የጎደለው ደብዳቤው ላይ የሚታይ ሥራ ነው። «ለመስኩ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚል ጽሑፍ ስለሚበዛባቸው አንብበው አይጨርሱትም። አንድ ወረዳ ይምረጡና አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሚሸፍን የመሬት ከፍታ መረጃና ሴንቲኔል 2 ከተባለው ሳተላይት የተነሣ ምስል ወስደው በአር የኮድ ቋንቋ፣ ራንደም ፎረስት በተባለው ከናሙና ተምሮ የሚተነብይ የኮምፒውተር ዘዴ፣ የፒኤች (የአፈር አሲዳማነት መለኪያ) ካርታ ይሥሩ። ለመለማመጃ የሚሆን የአፈር ፕሮፋይል (ከላይ እስከ ታች በየንብርብሩ የተጠና አፈር) መረጃ ዋኽኒንገን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የአፈር መረጃ ማዕከል፣ አይስሪክ፣ በነፃ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የቀረበውን የስኮርፓን ማዕቀፍ አስቀድመው ይረዱ፤ የአፈርን ጠባይ ከአየር ንብረት፣ ከሕያዋን፣ ከመልክዓ ምድር፣ ከወላጅ ዐለት፣ ከዕድሜ፣ ከቦታና አስቀድሞ ከሚታወቀው የአፈር መረጃ ጋር የሚያዛምደው እርሱ ነው።

መልስ 2፦ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ቃለ መጠይቅ ላይ የተያዝኩበት ነውና። ናሙናዎቼ በአብዛኛው ከመኪና መንገድ ዳር የተወሰዱ ሆነው ሳለ የካርታውን ትክክለኛነት ለመፈተሽ የሚሆኑትን በዕጣ ለየሁ። የመፈተሻው ነጥብ ካርታው ከተሠራበት ነጥብ ጎን ስለነበር ካርታው ከሚገባው በላይ ትክክለኛ መሰለ። እርስዎ የአንድ ቀበሌ ናሙና በሙሉ ከካርታው ሥራ አስቀርተው በእርሱ ይፈትሹ፤ ውጤቱ ቢያሽቆለቁልም እንዳለ ይጻፉት።

መልስ 3፦ ወንድሜ፣ ኮዱ በጥቂት ወራት ይለመዳል፤ በእግር የተገኘው ዕውቀት ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ደጀን ላይ ቆመው ወደ ዓባይ ሸለቆ ይመልከቱ፤ በደጋው ሜዳ በበጋ የሚሰነጠቀው ዋልካ ጥቂት እንደ ወረዱ ስስና ድንጋያማ በሆነ አፈር ይተካል። የአይስሪክ ዓለም አቀፍ ካርታ አንዱ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር ስለሚሸፍን እንዲህ ያለውን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። ደብዳቤዎን ከዚያ ይጀምሩ፤ ጽሑፎቻቸውን አንብበው ለመረጧቸው ሁለት ወይም ሦስት ፕሮፌሰሮች ብቻ ይላኩ። የመሥሪያ ቤትዎን የናሙና መረጃ ግን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አያያይዙ፤ ጥሩ ቡድን መጀመሪያ የሚጠይቀው መረጃው የማን እንደሆነ ነው።

ጠያቂው፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ደጀንን መርጫለሁ፤ ፈቃዱን ሰኞ እጠይቃለሁ።