ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ፋይል ሲያበላሽ ምን ልሞክር? ማን ጋ ልሂድ?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ኤክስተርናሌ ፋይል እያበላሸብኝ ነው፣ የት ላሠራው?" የማውቀውን እዚህ ልጻፈው።

እኔ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። አንድ እሑድ ማታ የሰርጉንና የመልሱን ቀረጻ ወደ ዲስኩ ስገለብጥ ላፕቶፑ የመነቀልና የመሰካት ድምፁን ደጋግሞ ያሰማል። ደክሞኝ ስለነበር ልብ አላልኩትም። ጠዋት ስከፍተው የመልሱ ቪዲዮ ግማሹ አረንጓዴ ሆኗል፤ የአንዱ ፎልደር ስም ደግሞ የማይነበብ ምልክት ብቻ ነው። ይዤው አንድ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ገና ከመሰካቱ "ፎርማት እናድርገው" አለኝ። ተቀብዬው ወጣሁ። ቤት ገብቼ የወንድሜን ኬብል ተውሼ ብሰካው መነቃቀሉ ቀጥ አለ። የካሜራውን ካርዶች ገና አላጸዳኋቸውም ነበር፣ ተመስገን፤ እንደገና ገለበጥኩ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ኬብል ቀይሩ። ያ ሰፊና ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ኬብል ቶሎ ይላላል። ስትገዙ አጭሩን ምረጡ። አንዱን ፖርት ወደ ብዙ በሚከፍለው ሃብ አትሰኩ። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ 3.0 ደግሞ 900። ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ በኩል ሰኩት።

ኬብሉ ካልሆነ የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫኑ። የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስኩን ክፍሎች የሚቆጥሩትን 05 እና ሲ5 (C5) የሚሉትን መስመሮች እዩ። ቁጥራቸው ዜሮ ካልሆነና በየቀኑ ከጨመረ ዲስኩ እየሞተ ነው። ያኔ ምንም አትጻፉበት። ዊንዶውስ "ፎርማት ላድርገው?" ቢላችሁ እሺ አትበሉት። የዊንዶውስን የዲስክ ስህተት ማረሚያ፣ ቼክዲስክንም፣ አታስነሱ፤ እሱም ዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ የቀረውን ሊያበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ሙሉውን ዲስክ ዲዲሬስኪው በሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ሌላው ሥራ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን።

የጠፋ ፋይል የሚያወጡትን ፕሮግራሞች ሞክሬያቸዋለሁ። በስህተት ለጠፋ ፋይል ሬኩቫ ቀላል ነው። ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍፍል፣ እንደ D: ያለው) ከጠፋ ቴስትዲስክ፣ ነጻ ነው፣ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ስለሚሠራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፎቶሬክ ብዙ ያወጣል፣ የፋይሎቹን ስም ግን አይመልስም፤ አንድ ሺህ ፎቶ በቁጥር ተሰይሞ ይጠብቃችኋል። አር-ስቱዲዮ ይከፈልበታል፤ ጥሩነቱ ግን ምን እንደሚገኝ ከመክፈላችሁ በፊት ያሳያችኋል። በስማቸው የምፈልጋቸው ፋይሎች ሲሆኑ እሱን እመርጣለሁ።

ባለሙያን በተመለከተ፣ መገናኛም ሆነ መርካቶ ላፕቶፕ የሚጠግን ሁሉ ዳታ ያወጣል ማለት አይደለም። አንድ ነገር ጠይቁት፦ "ከመጀመርህ በፊት ኮፒ ትወስዳለህ?" ካላመነታ ስጡት። "ኮፒ ለምኔ" ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ ወዲያው ንቀሉት። ያን ዲስክ ከፍቶ መሥራት ከአቧራ የጸዳ ክፍል ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ ልፍታው የሚል ሰው እጅ አይግባ። የደብሊውዲ ማይ ፓስፖርት ባለቤቶች ይሄንንም እወቁ፦ ብዙዎቹ ሞዴሎች የዩኤስቢ መሰኪያቸው ከዲስኩ ቦርድ ጋር የተበየደ ነው፣ ዳታውንም ቦርዱ ራሱ ይቆልፈዋል። ፈትቶ በሌላ ማቀፊያ ማንበብ አይሠራም።

አዲስ ለምትገዙ፣ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ "2 ቴራ" አትመኑ። መጠኑ እውነት መሆኑን ለማወቅ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባል ፕሮግራም ሙሉውን አስሞሉት። በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ለሚጽፍ ዲስክ 1 ቴራ ለመሙላት ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሻዩ እዚያው ይጠጣ። ዊንዶውስ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ፎርማት ስታደርጉት ዓይነቱን ኤክስፋት ሳይሆን ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት፤ መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ የተሻለ ይቋቋማል።

እኔ አሁን እያንዳንዱን ሰርግ ሁለት ዲስክ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ አንዱ እናቴ ቤት ነው። ካርዱንም ሙሽሮቹ ቪዲዮውን እስኪረከቡ አላጸዳም።