ውጭ ሄዶ ተጠባባቂ መሆን ወይስ እዚሁ ቋሚ ተሰላፊ?

የሽምብጥ መምህር፦
ሰሞኑን የተነሣው ጥያቄ በአገር ውስጥ ክለብ ቋሚ ተሰላፊ የሆነን ወጣት የውጭ ክለብ በተጠባባቂነት ሲፈልገው መሄድ አለበት ወይስ የለበትም የሚል ነው። የብዙዎቻችሁ መልስ «ባዕድ አገር ሄዶ ወንበር ከሚያሞቅ እዚሁ ይጫወት» ሆኗል። ታዳጊዎችን የማሠለጥን የስፖርት መምህር ነኝ፤ በዚህ አልስማማም። ባለፈው ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የጫማውን ጭቃ በድንጋይ እየፋቀ «መምህር፣ ልሄድ ቆርጬ ነበር፤ ግን ለመቀመጥ ነው የምትሄደው እያሉ ሰዎች አሳፈሩኝ» አለኝ። ይህን የምጽፈው ስለ እርሱ ነው።

እኛ ዘንድ ተጠባባቂ ማለት ያልበቃ ማለት ሆኗል። አንዱ ቡድን ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ በሚመታበት በቤዝቦል ግን እንዲህ አይደለም። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኙን ዙር አይጨርስም፤ ክንዱ ሲዝል ከሜዳው ጠርዝ ማሟሟቂያ ስፍራ ሆነው ሲጠብቁ ከነበሩት ተቀያሪ ወርዋሪዎች አንዱ በስልክ ይጠራል። የተጠራው ጥቂት ኳሶች ወርውሮ ክንዱን ያፍታታና ብዙ ጊዜ ድሉ በአንድና በሁለት ነጥብ በተንጠለጠለበት ሰዓት ይገባል። የመጨረሻውን ዙር መዝጋት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ውጤቱን አስጠብቆ የጨረሰበት ጨዋታም ከእ.ኤ.አ. 1969 ጀምሮ በስሙ በይፋ ይመዘገብለታል።

ማሪያኖ ሪቬራን ተመልከቱ። ፖርቶ ካይሚቶ በተባለች የፓናማ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ልክ እንደ እኛ የጣና ሐይቅ ዳር ልጆች፣ በአባቱ ጀልባ ላይ መረብ ሲጎትት ያደገ ልጅ ነው። በእ.ኤ.አ. 1990 የአሜሪካው የቤዝቦል ክለብ ኒውዮርክ ያንኪስ አስፈረመው፤ በእ.ኤ.አ. 1995 አሥር ጨዋታዎችን በጀማሪ ወርዋሪነት ተሰልፎ አልሆነለትም። ወደ ተቀያሪነት ያዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። ጣቶቹን ከኳሱ መሐል ትንሽ ወደ ጎን አሳርፎ በሚወረውራትና በመጨረሻው ቅጽበት ታጥፋ በምትሄድ አንዲት ኳስ እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ 652 ጨዋታዎችን ዘጋ። በእ.ኤ.አ. 2019 ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲገባ ድምፅ ከሰጡት ውስጥ አንድም ሰው አልቀረበትም፤ ከእርሱ በፊት ይህ ለማንም አልሆነም።

የቀድሞው ተከላካይ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ምሳሌዎ ለኛ ልጆች አይሆንም። የቤዝቦል ተቀያሪ ወርዋሪ በአንድ የውድድር ዘመን ስድሳና ሰባ ጊዜ ሊጠራ ይችላል፤ በእግር ኳስ ግን ሦስተኛ ግብ ጠባቂ ወይም አምስተኛ ተከላካይ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠራ ሊቀር ይችላል። እኔ ራሴ በውጭ አገር በአንድ ክለብ ስምንት ወር ቆይቼ ሁለት የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ነው የተሰለፍኩት። የተሰላፊዎች ስም ሲለጠፍ ከታች ወደ ላይ ነበር የማነበው፤ ስሜ ከተገኘ ከታች እንደሚሆን ስለማውቅ። ስመለስ እግሬ የጨዋታውን ፍጥነት ረስቶ ነበር፤ እርሱን ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። አቡበከር ናስርንም አስታውሱ፦ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወደ ደቡብ አፍሪካው ክለብ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሄደ ተጫዋች ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳት ከሜዳ አራቀው፤ እንዲህ ያለ ችሎታ ያለውን ልጅ በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ማየት ሲገባን አጣነው።

ከግሽ ዓባይ፦
ወንድሜ፣ ጉዳት እዚህም ያገኛል፤ ያንን በመሄድ ላይ ማላከክ ተገቢ አይመስለኝም። ደግሞስ ማን መጥቶ ያየናል? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ በባሕር ዳር ስታዲየም 3 ለ 1 ስታሸንፈን ሜዳ ውስጥ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙን አግዶ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ሲያደርግ ኖሯል። የጣና ሞገድን፣ ክለባችንን ባሕር ዳር ከተማን፣ በየሳምንቱ እየደገፍኩ ይህን መናገር ያመኛል፤ ነገር ግን ልጆቻችን የሚታዩበት መስኮት ጠቧል።

ስለ ቤዝቦል ከተነሣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በጃፓን ሊግ ለረጅም ዓመታት አንድ ክለብ በዋናው ቡድኑ ማስመዝገብ የሚችለው አራት የውጭ ተጫዋቾችን ብቻ ነበር። አሜሪካዊው ዴኒስ ሳርፋቴ በአገሩ ታላቁ ሊግ ስሙ ሳይገን ወደዚያ ሄዶ በእ.ኤ.አ. 2017 ለፉኩኦካ ሶፍትባንክ ሆክስ ክለብ 54 ጨዋታ በመዝጋት የጃፓንን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከአራቱ አንዱን ቦታ ለዘጊ ወርዋሪ የሰጠ ክለብ ሊያስቀምጠው አላመጣውም።

የቀድሞው ተከላካይ፦
ይህ ለእኔ ክርክር የሚያግዝ ነው። ክለቡ ከአራት በላይ የውጭ ተጫዋች ማስፈረም ስላልተከለከለ አምስተኛውና ስድስተኛው በሁለተኛው ቡድን እየተጫወቱ ከአራቱ የአንዱን መጎዳት ይጠብቁ ነበር። የእኛ ልጅ ሳርፋቴ ይሆናል ወይስ ስድስተኛው? ወኪሉ ይህን አይነግረውም፤ የወኪሉ ድርሻ የሚገኘው ልጁ በመፈረሙ ነው።

የሽምብጥ መምህር፦
እዚህ ላይ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው፤ ስምንት ወር የተቀመጠ ሰው የሚያውቀውን እኔ አላውቅም። «ተጠባባቂ» ስል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጌያቸዋለሁ። ሪቬራ ስልኩ ሲደወል ምን እንዲሠራ እንደሚጠራ ያውቅ ነበር፤ እርስዎ ግን ማንም ሥራ ሳይሰጥዎት እንዲቀመጡ ተደረጉ። ስለዚህ ልጁን «ሂድ» ከማለቴ በፊት ክለቡ ስንት የውጭ ተጫዋች እንዳለው፣ በእርሱ ቦታ ስንት ሰው እንዳስፈረመ፣ ካልተሰለፈም በውሰት የሚሰጥበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ መኖሩን ማወቅ አለብኝ። እነዚህ ከተሟሉ ግን አቋሜ አይለወጥም፤ በሰባኛው ደቂቃ ገብቶ ውጤት ማስጠበቅን እንደ ሙያ የሚያስተምረው ክለብ ካገኘ ይሂድ፤ ማንም አያሳፍረው። ማክሰኞ ከአባቱ ጋር ሆነን ውሉን እናነባለን።

የቀድሞው ተከላካይ፦
ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። ውሉ የተጻፈው በየትኛው ቋንቋ ነው? እኔ የፈረምኩትን ወረቀት ማንበብ አልቻልኩም ነበር፤ ስለ ውሰት የሚናገር አንቀጽ እንዳልነበረበት የነገረኝ ሌላ ሰው ነው፣ ያውም ከተመለስኩ በኋላ። በአማርኛ የሚተረጉም ሰው ከአሁኑ ይፈለግ።