ለመጀመሪያ ጊዜ እባብ ልናሳድግ ነው፤ ቤቱ ላይ ምክራችሁን እፈልጋለሁ

የናቲ አባት (ሲያትል)

ሰላም ለሁላችሁ። የ13 ዓመት ልጄ ኮርን ስኔክ የሚባለውን መርዝ አልባ እባብ እንድንገዛለት መወትወት ከጀመረ ቆይቷል፤ እናቱም በመጨረሻ እሺ ብላለች። ለዘንድሮ ግልገል ለአንድ አርቢ ቀብድ ከፍለናል፤ እንስሳው ግን ገና አልመጣም።

እጃችን ላይ ያለው ባለ 20 ጋሎን የመስታወት ታንክ ነው። ከሱ ጋር በአንድ ካርቶን የማሞቂያ ምንጣፍ፣ ቀይ አምፖል፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ክብ ቴርሞሜትርና አንድ ከረጢት ሰጋቱራ አብሮ መጥቷል። በብርዱ ወራት ቤታችን 68 ፋራናይት ገደማ ነው። ምን ይቀረናል? የሚበላውስ በሕይወት ያለ አይጥ ነው ወይስ የሞተ? የ3 ዓመት ሴት ልጅም አለችን፤ እሷንም አስቡልን።

ተሳቢ ወዳጅ

ወንድሜ፣ እንስሳው ሳይመጣ መጠየቅህ ደግ አድርገሃል። አዲስ እባብ አልበላም ሲል ሰው ሁሉ ምግቡን መለዋወጥ ይጀምራል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱ ወይም መደበቂያው ላይ ነው። ስለዚህ ቤቱ ተዘጋጅቶ ሙቀቱ ሦስት አራት ቀን ሳይዋዥቅ ከቆየ በኋላ እባቡን አስገባ።

ከካርቶኑ ሁለት ነገር አውጣ። ቀዩን አምፖል ተወው። ቀይ ብርሃን ለእባብ አይታየውም የሚባለው ልክ አይደለም፤ ሌሊቱ ጨለማ መሆን አለበት። የሚለጠፈው ቴርሞሜትርም የሚለካው ግድግዳውን እንጂ እባቡ የሚተኛበትን ወለል አይደለም። በሱ ፈንታ ባለ ገመድ ዲጂታል ቴርሞሜትር ሁለት ግዛ፤ አንዱን ለሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱን ለቀዝቃዛው።

ሰጋቱራው የምን እንጨት እንደሆነ ከረጢቱ ላይ አንብብ። አስፐን ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሦስት ኢንች አልብሰው፣ ውስጡን እየቦረቦረ መንገድ ይሠራበታል። ሴዳር ወይም ፓይን ከሆነ መልሰው፤ ያንን ሽታ የሚሰጠው ዘይት ለእባብ ጎጂ ነው።

የጎደለህ ዋናው ዕቃ ቴርሞስታት ነው፤ ሙቀቱ ከወሰንከው ቁጥር እንዳያልፍ ምንጣፉን የሚቆጣጠር መሣሪያ ማለት ነው። ምንጣፉን በቀጥታ ሶኬት ላይ ብትሰካው መስታወቱ ከ110 ፋራናይት ሊያልፍ ይችላል። እባብ ከሆዱ ሥር ያለውን ግለት በጊዜ አይሸሽም፤ እዚያው እንደተኛ ሆዱ ይቃጠላል። ምንጣፉ የወለሉን ሲሶ ብቻ ይሸፍን፤ በአንዱ ጫፍ፣ ከታንኩ ውጭ ከሥር ለጥፈው። የቴርሞስታቱን ሴንሰር በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል አስገብተህ በቴፕ እሰረው። ታንኩ ውስጥ ግን ቴፕ የሚባል ነገር አይግባ፤ ከተጣበቀበት ቆዳውን ይልጠዋል። በአራቱ ማዕዘን የጎማ እግር አድርግለት፣ ሙቀቱ ከሥር እንዳይታፈን።

የምትፈልገው ቁጥር በሞቃቱ ወለል ከ85 እስከ 88፣ በቀዝቃዛው ጫፍ ከ72 እስከ 76 ነው። ሌሊት ቀዝቃዛው ወደ 70 ቢወርድ አይጎዳውም።

መደበቂያ ሁለት ያስፈልገዋል፣ በየጫፉ አንድ አንድ። አንድ ብቻ ከሆነ ወይ ይሞቀዋል ወይ ይደበቃል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አያገኝም። ጠባብ ይሁን፣ ተጠምጥሞ ሲገባ ጎኑና ጀርባው ግድግዳውን የሚነካበት። ሰፊ ዋሻ ለግልገል ባዶ ሜዳ ነው። ክዳኑን በአራቱም ጎን በክሊፕ ቆልፈው። ግልገሉ የእርሳስ ውፍረት ስለሆነ ጭንቅላቱ ባለፈበት ቀዳዳ ሌላው አካሉም ያልፋል፤ ክዳኑ ላይ መጽሐፍ መጫን አያግደውም።

ታንኩን መስኮት አጠገብ አታስቀምጥ፤ ፀሐይ የገባበት መስታወት ውስጡን በአንድ ሰዓት ያግለዋል።

ካሌብ (ስቶክሆልም)

ከላይ የተባለው ለግልገል ይሠራል። እኔ የማልስማማው ምንጣፉን ዘለቄታ እንዳለው አድርጎ መያዝ ላይ ነው። ምንጣፍ ወለሉን እንጂ አየሩን አያሞቅም። አድጎ ትልቁ ቤት ሲገባ ከላይ የሚያሞቅ ሃሎጅን አምፖል ከዲመር ቴርሞስታት (የአምፖሉን ኃይል እየቀነሰና እየጨመረ ሙቀቱን ከሚጠብቅ) ጋር ይሻለዋል። ቀን ለ12 ሰዓት ያህል ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ፤ ከአምፖሉ ሥር 30 እስከ 32 ሴልሺየስ ይሁን። አምፖሉ ቤቱ ውስጥ ከሆነ የሽቦ መከላከያ ግድ ነው፤ ካልሆነ ሄዶ ይጠመጠምበታል።

ትልቁ ቤት ስል 120 በ60 በ60 ሴንቲሜትር ማለቴ ነው። ኮርን ስኔክ ሲያድግ ከ90 እስከ 150 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ሰውነቱን ዘርግቶ መተኛት የሚችልበት ቦታ ያስፈልገዋል። ባለ 20 ጋሎኑ የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ዓመት ገደማ ነው። ዕድሜውም 15፣ 20 ዓመት ስለሚሄድ ልጁ ኮሌጅ ሲገባ የሚመግበው አንተ ነህ። ያንን አስበህበት ግባ።

ብርቱካን ቅርፊት

ስለ ምግቡ ልመልስ። በረዶ ሆኖ የሚሸጥ የሞተ አይጥ ብቻ ስጡት። በሕይወት ያለ አይጥ ጥግ ሲይዘው ይናከሳል፤ የእባብ ዓይን ያጠፋል።

መጠኑን በግምት አታድርጉት። ግራም የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን ግዙና ለእሱ ብቻ ይሁን። ለግልገል አንድ ምግብ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ 10 ግራም ከመዘነ አንድ ግራም ተኩል ገደማ የምትመዝን ፒንኪ፣ ማለትም ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል። በየ5 እስከ 7 ቀኑ አንዴ ይበቃዋል። ካደገ በኋላ በየ10 እስከ 14 ቀን። ከዚያ በላይ ከሆነ ይሰባል፤ ብዙ የቤት ኮርን ስኔክ ወፍራም የሆነው በዚህ ነው።

አይጧን በላስቲክ አሽጋችሁ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሯት። ከመስጠታችሁ በፊት ከነላስቲኩ 100 ፋራናይት ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ10፣ 15 ደቂቃ አቆዩዋት። ማይክሮዌቭ ክልክል ነው፤ አንዱ ቦታ ሲበስል ሌላው በረዶ ይሆናል፣ ሆዷም ይፈነዳል። ሆዷን በጣት ጫን አድርጋችሁ ፈትሹ፤ መሐሉ በረዶ ከሆነ እባቡ ሳይፈጨው ይመልሰዋል። ከዚያ አድርቋት፣ በረጅም ጉጠት በወገቧ ያዟት፣ ጭንቅላቷን ወደ እሱ አቅርቡ። ካልወሰደ መደበቂያው ደጃፍ ላይ አሳድሩለት። ጠዋት ካለች ጣሏት፣ ወደ ፍሪዘር አትመልሷት።

ከመጣ በኋላ ለ7 ቀን አትመግቡት፣ አትንኩት። ከበላም በኋላ ለ48 ሰዓት ማንም አያንሳው፤ ሆዱ ሞልቶ ከተነካካ ያስመልሳል። ማስመለስ ለእባብ ቀላል ነገር አይደለም። ከሆዱ የሚወጣው አሲድ ጉሮሮውን ይጎዳል፣ ሆዱም ለማገገም ጊዜ ይፈልጋል። ካስመለሰ ከ10 እስከ 14 ቀን ጠብቃችሁ በግማሽ መጠን ጀምሩ። ሁለተኛ ጊዜ ካስመለሰ ተሳቢ እንስሳትን ወደሚያክም ሐኪም ውሰዱት።

ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት ሰማያዊ ከመሰለ ቆዳውን ሊጥል ነው፤ በዚያ ሰሞን አለመብላቱ ያለ ነው። የአየሩን እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ጠብቁ። በዚያ ሳምንት ደግሞ ክዳን ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ላይ መግቢያ ቀዳዳ አውጥታችሁ ውስጡን በእርጥብ የስፋግነም ሞስ (ውሃ ይዞ የሚቆይ እንደ ስፖንጅ ያለ ተክል) ሙሉለት። የጣለውን ቆዳ ዘርግታችሁ እዩት፤ የሁለቱ ዓይኖች ቆብ (ዓይኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ቅርፊት) እና የጅራቱ ጫፍ አብረው መውጣት አለባቸው። ቆቡ ከቀረ በጥፍርም በፒንሴትም አትንኩት፤ እርጥበቱን ጨምራችሁ የሚቀጥለውን ጊዜ ጠብቁ፣ ያኔም ካልወጣ ሐኪም ያየው።

ወይንሸት

ስለ ትንሿ ልጅ፦ ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ተሳቢ እንስሳትንም ሆነ የሚኖሩበትን ዕቃ እንዳይነኩ ይመክራል። ታንኩ እሷ የማትገባበት ክፍል ይሁን። የውሃ ሳሕኑ የወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አይታጠብ፤ አይጧም የምትሞቅበት ዕቃ ለብቻው ይሁን። ሁሉም ሰው ከነካው በኋላ በሳሙና ይታጠብ።

ደግሞ ወደፊት ወደ አትላንታ፣ ጆርጂያ ግዛት ለመሄድ ካሰባችሁ ይህን እወቁ፦ ኮርን ስኔክ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ጆርጂያም ተወላጅ የሆኑ መርዝ አልባ እባቦችን ለማዳ አድርጎ በቤት መያዝን ትከለክላለች፣ ከአርቢ የተገዛም ቢሆን።

ለመጀመሪያው ወር አስፐኑን ትታችሁ ወረቀት ፎጣ አንጥፉለት። ኩሱም በደንብ ይታያል፣ ቅንቅን ካለበትም ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። ውሃው ውስጥ ሰምጠው የሚገኙ ጥቁር ነጥቦችም እሱው ናቸው።

የናቲ አባት

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቴርሞስታቱን ገዝተን 88 ላይ አደረግነው። ሦስት ኢንች አስፐን አልብሰን ከላይ ስንለካ ግን 77 ነው የሚያሳየው። ወደ 100 እናሳድገው?

ተሳቢ ወዳጅ

በፍጹም። እባቡ አስፐኑን ቦርቡሮ እስከ መስታወቱ ይወርዳል፣ ያኔ 100ው ላይ ተኛ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚወሰነው ሊደርስበት በሚችለው በጣም ሞቃት ቦታ ነው፤ እሱም መስታወቱ ነው። 88ቱን እንዳለ ተወው። ከምንጣፉ በላይ ያለውን ሰጋቱራ ወደ ግማሽ ኢንች አሳንሰው፣ ቀሪውን ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ግፋው። ወረቀት ፎጣ ካነጠፍክ ችግሩ ከነጭራሹ የለም።

ሴንሰሩንም በየሳምንቱ ጎተት አድርገህ ፈትሸው። ቴፑ ለቆ ከወደቀ ቴርሞስታቱ የክፍሉን 68 እያነበበ ምንጣፉን ያለማቋረጥ ያነደዋል።