የሮዶፕሲን ፕሮፖዛላችን፦ ከፒኤች መለኪያ እንጀምር

ከሐዋሳ፦
ሰላም አባላት። በብርሃን ጉልበት የሚሠራውን ሮዶፕሲን የተባለ ፕሮቲን የምናጠናበትን ረቂቅ ትናንት ማታ አንብቤ ጨረስኩት። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ በጀቱ ግን አሳስቦኛል። አብዛኛው ገንዘብ ለሌዘር መሣሪያ ተመድቧል። የፕሮቲኑን የሚሊሰከንድ ለውጥ መከታተል መልካም ነው። ፕሮቲኑ በእጃችን ሳይገባ ግን ምኑን ልናይበት ነው?

እኔ የምለው በፒኤች መለኪያ እንጀምር፤ ፒኤች የአሲድነት ልክ ነው፣ ፕሮቶን ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል። የሮዶፕሲኑን ዘረመል የተሸከመ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ እናሳድጋለን፤ ብርሃን የሚቀበለውን ሬቲናል ራሱ ስለማይሠራ እኛ እንጨምርለታለን። ከዚያ አጥበን በፈር (የፒኤች ለውጥን የሚቋቋም ንጥረ ነገር) የሌለው የጨው ውኃ ውስጥ እንከተዋለን። ንባቡ ጨለማ ውስጥ እስኪረጋ እንጠብቅና መብራቱን እናበራለን። ፕሮቲኑ ፕሮቶን ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ይወርዳል። ስናጠፋው ይመለሳል። ሲሲሲፒ (የሴሉን ሽፋን ለፕሮቶን ክፍት የሚያደርግ ኬሚካል) ስንጨምር መውረዱ ከቀረ ደግሞ ያየነው በእርግጥ የፕሮቶን ጉዞ ነው።

አንድ ነገር በደማቁ ይጻፍ፦ የመብራቱ ሙቀት ብቻውን ንባቡን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ስለዚህ ፕሮቲኑ የሌለው ኢ. ኮላይም በዚያው መብራት ይለካ። ሬቲናሉ ከብርሃን ተሸፍኖ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። አንዴ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ረስቼው የሳምንት ልፋቴ ገደል ገባ። ከሴንትሪፊውጅ ሳወጣው ቀይ ይሆናል ያልኩት የባክቴሪያ ዝቃጭ ነጣ ብሎ ቀረ።

ከአዳማ፦
ወንድሜ፣ በመለኪያው እስማማለሁ። ግን ናሙና የምንወስድበት ቺቱ ሐይቅ የት ገባ? ፕሮፖዛሉን የኛ የሚያደርገው እሱ ነው እኮ። ለምን የሐይቁን ውኃ ቀድተን በቀጥታ አንለካም?

ከሐዋሳ፦
እህቴ፣ ቺቱማ አይወጣም። ውኃው ግን ፒኤቹ 10 አካባቢ ነው። በካርቦኔት የተሞላ ስለሆነ ጥቂት ፕሮቶን ቢገባበት ንቅንቅ አይልም፤ መለኪያችን ምንም አያሳይም። ይልቅ ዲኤንኤውን ከሐይቁ እንውሰድ፤ ዘረመሉን ኢ. ኮላይ ውስጥ አስገብተን እዚያ እንለካው። በ2000 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፕሮቶን ገፊው ፕሮቲዮሮዶፕሲንም የተገኘው እንዲህ ነው፦ ከባሕር ውኃ በተወሰደ ዲኤንኤ፣ ባክቴሪያው ላብራቶሪ ውስጥ ሳይራባ። እሱን ለማነጻጸሪያ እንጠቀምበት።

መብራት ሲበራ ንባቡ ከጨመረም ናሙናውን እንዳንጥል። ክሎራይድ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ክሎራይድ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ከውጭ ያለው ፕሮቶን ተከትሎት ይገባል። ያኔ ሲሲሲፒ ስንጨምር ጭማሪው አይጠፋም፤ እንዲያውም ይጎላል።

የመለኪያውን ክፍል እስከ ዓርብ ጽፌ እልካለሁ። የናሙና ፈቃዱን አንቺ ትይዢዋለሽ?

ከአዳማ፦
እይዘዋለሁ። ሌዘሩን ወደ ሁለተኛው ዓመት አዙረው።