ለሜዲካል ስኩል ከማመልከቴ በፊት ሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ባዮሎጂ። ሐሳቤ ሜዲካል ስኩል ነው። ሰሞኑን አንድ ሪክሩተር (ለጦሩ ሰው የሚመለምል) አግኝቶኝ “ሪዘርቭ እኮ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ ሥልጠናውን ደግሞ በአንድ ሰመር ትጨርሺዋለሽ” አለኝ። ሜዲክ (ለቆሰለ ወታደር የመጀመሪያ ሕክምና የሚሰጥ) ሆኜ ብሠለጥን ለማመልከቻዬም ይጠቅማል፣ ለትምህርት ክፍያም ያግዘኛል ብዬ ልቤ ሸፍቷል። ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። እማዬ ከሰማች ወዲህ አኩርፋኛለች፣ ለቤቱ ያለሁት ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ገብታችሁ ያያችሁት እውነቱን ንገሩኝ እስቲ።

የቀድሞ ሜዲክ፦
እህቴ፣ እኔ ገብቼ ጨርሻለሁ፣ አልጸጸትም። ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። የወር አንዴው ነገር የሚጀምረው ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ነው። አርሚ (ምድር ጦር) ከሆነ ቤዚክ፣ ማለትም መሠረታዊው የውትድርና ሥልጠና፣ 10 ሳምንት ነው። ከዚያ የሜዲኩ ሥልጠና፣ እኛ “68 ዊስኪ” የምንለው፣ ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ 16 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ቤዚኩን በሰመር መጨረስ ይቻላል፣ የሜዲኩ ግን ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ይበላብሻል።

የድሪሉን፣ የዚያን የወር አንዴ ልምምድ፣ ቀን ደግሞ አንቺ አትመርጪም። እኔ አንዴ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተና ሰኞ ጠዋት ነበረብኝ። እሁድ ማታ ከድሪል ስመለስ ቡት ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ፓርኪንጉ ላይ የመኪናዬን የውስጥ መብራት አብርቼ የሪአክሽን ካርዶቼን ሳገላብጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ሲ ፕላስ። ዛሬም ትራንስክሪፕቴ ላይ ቁጭ ብላለች።

ጥቅሙ ውሸት አይደለም ግን። የኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ረዳት) ሰርተፊኬት ይዘሽ ትወጫለሽ፣ በሽተኛ መንካትም ትለምጃለሽ።

ሦስተኛ ዓመት ሜዲካል ተማሪ፦
ሁሉም ስለ ገንዘቡ ያወራል፣ እኔ ስለ ቀን መቁጠሪያው ላውራ። ውሉ በጠቅላላ 8 ዓመት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 6ቱን ድሪል እየሄድሽ፣ የቀረውን ድሪል ሳይኖርሽ ግን ከተፈለግሽ ልትጠሪ እንደምትችዪ ሆነሽ ነው። እስቲ ቁጠሪ። ኮሌጅ ሁለት ዓመት ይቀርሻል፣ ሥልጠናው አንድ ቢያራዝምብሽ ስድስተኛው ዓመት የሚያልቀው ሜዲካል ስኩል ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። አሁን እኔ ያለሁበት ማለት ነው፣ ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር የማላውቅበት። መሀል ላይ ዩኒትሽ ቢጠራ ደግሞ ማመልከቻሽ ይገፋል፣ የኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና) ውጤትን ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ አይቀበሉትም።

ውትድርናውን ከወደድሽው ሜዲካል ስኩል ከተቀበለሽ በኋላ ግቢ። ኤችፒኤስፒ የሚባለው ስኮላርሺፕ ሙሉ ክፍያሽን ይችላል፣ በየወሩም ገንዘብ ይሰጥሻል። አራት ዓመት ከወሰድሽ አራት ዓመት ሐኪም ሆነሽ ታገለግያለሽ። ቤተስዳ ሜሪላንድ ያለው የወታደር ሐኪሞች ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ነፃ ነው፣ ደመወዝም ይከፍላል፣ ግን ግዴታው 7 ዓመት ነው። ሁለቱም ዜግነት ይፈልጋሉ። በግሪን ካርድ ተራ ወታደር መሆን ይቻላል፣ እንደ ሐኪሞቹ መኮንን መሆን ግን አይቻልም።

የቀድሞ ሜዲክ፦
እዚህ ላይ እውነት አለው። ቢሆንም ማገልገሉ ራሱ የዜግነቱን መንገድ ሊያሳጥርላት ይችላል፣ እሱን አትርሳ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ልጄ፣ የሚነግሩሽን ሁሉ ውሉ ላይ አጽፊ። “ሜዲክ” የሚል ካልሰፈረበት ወጥ ቤት ብትመደቢ ማንን ትከሻለሽ? ወጥ ቤት ነውር አይደለም፣ ግን ለሱ ብለሽ አይደለም ከእናትሽ የተኳረፍሽው። ጂአይ ቢል የሚባለውን ላገለገሉ የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍም በደንብ ጠይቂ። ሰው የሚያወራለት ትልቁ አክቲቭ ዱቲ (በሙሉ ጊዜ ወታደርነት) ላገለገለ ነው፣ ለሪዘርቭ የሚሰጠው አነስ ያለ ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሪክሩተሩ “10 ሳምንትና 16 ሳምንት በየትኛው ሰመር ነው የሚያልቀው?” ብዬ ጻፍኩለት። ድሮ በደቂቃ የሚመልስ ሰው ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ አንብቦታል ግን ዝም።