የቅዳሜው ጨዋታ፦ የመሣሪያና የተዋጊ ሕጋችን ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ገጸ ባሕርይ ይዘን ዳይስ እየጣልን ለምንጫወተው የቅዳሜ ጨዋታችን ባሕር ዳር ላይ አዳራሽ ለመጠየቅ የምናስገባው ማመልከቻ እስከ ሐሙስ ማለቅ አለበት። ዋናውን ጽፌዋለሁ። የጎደለው አባሪው ነው፣ የመሣሪያ ሰንጠረዡና የተዋጊ ክላሶቹ፣ ማለትም ተጫዋቹ ለገጸ ባሕርዩ የሚመርጣቸው የሙያ ዓይነቶች። ባለፈው ቅዳሜ አዲሶቹ ልጆች ጎራዴ ሲያማርጡ ነው የመሸባቸው። በናታችሁ አሳጥሩልኝ።

ባለ20፦ እኔ ሰንጠረዡ ይቅር ባይ ነኝ። ሕጉን የምንወስድበት ጨዋታ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ክላሱ 3 ብቻ ነበር፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ካህን። ጩቤም ያዝክ ትልቅ ጎራዴ፣ ጉዳቱ የሚቆጠረው ባለ 6 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ነው። በቃ። ለየመሣሪያው የተለያየ ዳይስ የመጣው በ1975 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው።

ቀዛፊው፦ ወንድሜ፣ እንደዚያ ከሆነ ማን ጦር ተሸክሞ ይዞራል? ሁሉም ጩቤውን ወገቡ ላይ ሽጦ ይመጣል። እኔ የዚሁ ጨዋታ 5ኛ እትም የመሣሪያ ክፍፍል ይበቃናል እላለሁ፦ ማንም የሚይዘውና ሥልጠና የሚጠይቀው። ዱላ፣ ጩቤና ጦር ማንም የሚይዘው ውስጥ ይገባሉ፣ ጎራዴ ሥልጠና ይፈልጋል። አስማተኛው ረጅም ጎራዴ ቢያነሳ ማንም አይከለክለውም፣ ግን ስላልሠለጠነበት ሲመታ ዳይሱ ላይ የሚደመረውን የሥልጠና ጭማሪ አያገኝም። ተዋጊው ሁሉንም ይይዛል፤ ተዋጊነቱም እዚያ ላይ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሾተልስ?

ቀዛፊው፦ ሾተልማ ከሠለጠኑት ነው። እንደ ማጭድ የተቆለመመው ጋሻውን ዞሮ ከኋላ ያለውን ሰውዬ እንዲያገኘው ነው። በሕጉ ጋሻ መከላከያ ላይ 2 ይጨምራል አይደል? ሾተል ያንን 2 ይሰርዘው። በምትኩ ጉዳቱ ከረጅም ጎራዴ ባለ 8 ወርዶ ባለ 6 ይሁን። አለበለዚያ ጠረጴዛው በሙሉ ሾተል ይሆናል። ጋሻ የሌለው ጠላት ሲመጣ ባለ ሾተሉ ይቆጨዋል፣ ይቆጨው።

ባለ20፦ እሺ ተረታሁ። ክላሶቹን ግን ፊታውራሪ፣ ቀኝአዝማች፣ ግራአዝማች እንበላቸው።

አስተባባሪ፦ አይሆንም። እነዚህ ሹመት ናቸው። ፊታውራሪ የፊቱን ጦር ይመራል፣ ቀኝአዝማች የቀኙን። ሰውየው ጦር ይወርውር ጎራዴ ይምዘዝ ማዕረጉ አይነግርህም። ክላስ እጁ የለመደው ነገር ነው። ሹመቱን ለ5ኛ ደረጃ እናስቀምጠው፤ ተዋጊው በአንድ ተራ ሁለቴ መምታት የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ልክ ይመጣል። የጨዋታው መሪ ይሹመው።

አዲስ ገቢ፦ እኔ በቁጣ ለሚዋጋው ክላስ የተሰጠው ባርባሪያን የሚለው ስም አልዋጥልህ ብሎኛል። ፎካሪ ብንለውስ? ቁጣው ሲነሳ የሚያደርሰው ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች በ2 ይጨምራል፣ በመሣሪያ የሚደርስበት በግማሽ ይቀንሳል፣ ከባድ ጥሩር ከለበሰ ግን አይሠራለትም። ይሄ እኮ ፉከራ ነው! ተጫዋቹ ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ካላለና ሁለት ስንኝ ካልደረደረ ቁጣው አይነሳለት።

ባለ20፦ ሃሃሃ፣ ካፌ ውስጥ ዘራፍ ብለሽ ስትነሺ አስተናጋጁ ትሪውን ይለቀዋል።

አስተባባሪ፦ አዳራሽ የምንለምነው ለምን ሆነና። ማመልከቻው ላይ «ድምፅ ያለው ጨዋታ» ብዬ እጨምራለሁ፣ በኋላ እንዳይገረሙ።

ጋሼ፦ ልጆች፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቆሜ አልፎክርም።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ እርስዎ ምን ያስቸግርዎታል፣ ቡድኑ ውስጥ አዝማሪ ካለ ይፎክርልዎታል። እርስዎ ዳይሱን ብቻ ይጣሉ።

ጋሼ፦ እንደዚያ ከሆነ አለሁበት።

ቀዛፊው፦ ታሪኩ ወደ ዘጌ በደንገል ታንኳ ሲሻገሩ ነው የሚጀምረው ተባብለናል። ታንኳ ላይ ትልቅ ጎራዴ በሁለት እጅ የሚያወናጭፍ ሰው ምን ይሆናል? ጥሩር ለብሶ ጣና ውስጥ የገባስ?

አስተባባሪ፦ የታንኳው ሕግ ለሚቀጥለው ወር፣ አሁን አትክፈትብኝ። ቀዛፊው ሰንጠረዡን ከ12 መሣሪያ ሳታሳልፍ ጻፍ፣ ሾተሉ ባለ 6 ሆኖ ይግባ። እህቴ፣ ፎካሪን ካነሳሽው አይቀር ጨርሽው፤ የአዝማሪውንም ነገር አስገቢበት። ባለ20 ሹመቶቹን ከጋሼ ጋር ሆነህ አስተካክል፣ ቅደም ተከተላቸውን ከኛ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ረቡዕ ማታ መብራት ሳይጠፋ ላኩልኝ።