በሩሲያኛ ሁለቱም ያለፈ ጊዜ ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ሩሲያኛ እየተማርኩ ነው። «ቺታል» እና «ፕራቺታል» ላይ ተቸክያለሁ። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም «አነበበ» ይላቸዋል። ሁለቱም ያለፈ ጊዜ ናቸው። ታዲያ ሁለት ለምን አስፈለገ? አስተማሪያችን «የአስፔክት ጉዳይ ነው» ብላ አለፈችው። እኔ ግን አስፔክትን ከጊዜ መለየት አቃተኝ። እባካችሁ በአማርኛ ምሳሌ አስረዱኝ።

መልስ 1
ወንድሜ፣ ጊዜ የሚነግርህ ድርጊቱ መቼ እንደሆነ ነው። አስፔክት ደግሞ ተናጋሪው ድርጊቱን እንዴት እንዳየው ነው፤ ከነፍጻሜው እንደ አንድ ሙሉ ነገር ነው ወይስ በሂደት ላይ ሳለ? «ትናንት መጽሐፉን ሳነብ አመሸሁ» እና «ትናንት መጽሐፉን አንብቤ ጨረስኩ» በል። ሁለቱም ትናንት ነው። በመጀመሪያው መጽሐፉ ማለቁ አይታወቅም። እሱ «ቺታል» ነው። ሁለተኛው «ፕራቺታል»።

መልስ 2
ልክ ነው፤ ግን «ቺታል ማለት ያላለቀ ማለት ነው» ብለህ ከያዝከው ኋላ ያስቸግርሃል። ሩሲያውያን «ይህን መጽሐፍ አንብበኸው ታውቃለህ?» ብለው ሲጠይቁ የሚመርጡት «ቺታል»ን ነው፤ ተነቦ ያለቀ ቢሆንም እንኳ። እዚህ ላይ የተፈለገው አንብበህ ማወቅህ እንጂ መጨረስህ አይደለም። ሌላው ደግሞ የ«ፕራቺታል» ወገን የአሁን ጊዜ የለውም። እየሆነ ያለን ነገር ከነፍጻሜው ማየት አይቻልማ። ለዚህ ነው «ፕራቺታዩ» ስትል «አነባለሁ፣ እጨርሰዋለሁ» ወደሚል የወደፊት ትርጉም የሚሄደው።

መልስ 3
ለእኔ ነገሩን ያበራልኝ ቻይንኛ ነው። ቻይንኛ ግሱን በጊዜ አይለዋውጥም። መቼነቱ «ትናንት»፣ «ነገ» ከሚሉ ቃላት ወይም ከዐውዱ ይታወቃል። ከግሱ ኋላ የምትገባው «ለ» የምታሳየው የድርጊቱን መፈጸም ነው። ስለዚህ «ነገ ምሳ ከበላሁ በኋላ እሄዳለሁ» ሲሉም «መብላት» ላይ «ለ»ን ያስገባሉ። የእኛንም ልብ በል! ነገሩ የነገ ሆኖ ሳለ «በላሁ» ነው ያልነው። ሰው ሲጠራን «መጣሁ!» የምንለውም ገና ከመቀመጫችን ሳንነሳ ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ፣ «ሳነብ አመሸሁ» በደንብ ገባኝ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበብኩ» ልል ብፈልግስ?

መልስ 1
«ቺታል»። እዚያ ላይ የምትናገረው ርዝመቱን ነው። «በሁለት ሰዓት ውስጥ አንብቤ ጨረስኩ» ካልክ ግን «ፕራቺታል» ይሆናል። ግሶቹን ጥንድ ጥንድ አድርገህ፣ እንዲህ ካሉ ዓረፍተ ነገሮች ጋር አጥና።